ከሶኬቱ እንጀምር

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችን አዳራሽ ለጌም የሚሆን ርካሽ ኮምፒውተር ስለመገጣጠም የተናገርኩት ነው። አንድ ልጅ በስልኩ ቀድቶት ነበር። ከቅጂው ላይ ነው የጻፍኩት። ሳቁን፣ ሳሉንና «ትንሽ ጮክ በል» የሚለውን አውጥቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ካርቶን አንጥፈናል።

ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የሸፈንኩትን ነገር ሁላችሁም እያያችሁ ነው። ቆይ፣ መጨረሻ ላይ እንከፍተዋለን። መጀመሪያ ይሄን ፓወር ሰፕላይ ተቀባበሉት፣ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ በሚስማማው ልክ የሚያከፋፍለው እቃ ነው። አሽቱት። አዎ፣ የተቃጠለ ነገር ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ሽታው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ያኔ ገና ተማሪ ነኝ። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ መሥሪያ ቤቷ ሊጥለው የነበረ ዴስክቶፕ በሻንጣ ይዛልኝ መጣች። ከልብስ መሀል አውጥተን ሳሎን አስቀመጥነው። በቅጡ እንኳን ሳልጠርገው ሰካሁት። ጧ! ነጭ ጭስ ወጣ። የቆጣሪው ብሬከር ወረደ፣ ቤቱ ጨለመ። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ከማድቤት ወጥታ «ምን ፈነዳ?» አለች። አክስቴ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ዝም ብላ ታየኛለች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እጃችሁ ላይ ያለውን ገልብጡትና ጀርባውን እዩ። ጥፍር የምታህል ቀይ ነገር አለች። በአንድ በኩል 115፣ በሌላው 230 ይላል። አሜሪካ ግድግዳው ላይ ያለው 120 ቮልት ነው። እኛ ጋ 220 ነው። ያቺ ቀይ ነገር 115 ላይ ነበረች። በቢላዋ ጫፍ ገፋ ባደርጋት ኖሮ ያ ኮምፒውተር ምናልባት ዛሬም ይሠራ ነበር።

ዛሬ የሚወጡት ደህና ፓወር ሰፕላዮች ይቺ ነገር የለችባቸውም። ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ለይተው ይቀበላሉ። ያገለገለ ስትገዙና ከውጭ ሲላክላችሁ ግን አሁንም ትገጥማችኋለች። ስለዚህ ከመሰካት በፊት ጀርባውን ማየት ልማድ ይሁንባችሁ።

ይሄን ታሪክ ያመጣሁት ላስቃችሁ ብቻ አይደለም። ርካሽ ጌሚንግ ኮምፒውተር ስለመገጣጠም የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችን ሁላችሁም አይታችኋል። ሁሉም ከግራፊክስ ካርዱ፣ የጌሙን ሥዕል ስክሪኑ ላይ ከሚያወጣው፣ ነው የሚጀምሩት። እነሱ አገር ልክ ናቸው። ሶኬታቸው አይከዳቸውም፣ የገዙት ካልሠራ ለሱቁ ይመልሱታል። እኛ ጋ የተቃጠለ ነገር ተቃጠለ ነው። ስለዚህ እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። ከሶኬቱ እጀምርና ወደ ውስጥ እገባለሁ። ካርዱ ጋ ስንደርስ ምን ያህል ብር እንደቀራችሁና ሳጥናችሁ ምን እንደሚችል ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የምትፈልጉት ፊፋ ብቻ ከሆነ ኮምፒውተር አትገጣጥሙ። ያገለገለ ፒኤስ4 ግዙ። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቲቪ፣ አለቀ። የምሸጠው ስለሌለኝ ነው በነፃነት የምናገረው። ኮምፒውተር የሚያዋጣው ከጌሙ ሌላ ሥራ ላለው ሰው ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ኮድ ለሚማር፣ ዲዛይን ለሚሠራ።

ዋጋም አልጠራም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሩ በገበያ ዋጋ ሲመነዘር እቃውም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ዛሬ የነገርኳችሁን ዋጋ ይዛችሁ በሚቀጥለው ወር መርካቶ ብትሄዱ ይስቁባችኋል። እኔ የማውቀው ድርሻውን ነው፣ ከብራችሁ ለየትኛው እቃ ምን ያህል እንደሚደርስ።

እሺ፣ ሶኬቱ።

ቤታችሁ ዴስክቶፑን ስትነኩት እጃችሁን ነዘር የሚያደርጋችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ይኸው፣ ከግማሽ በላይ ናችሁ። ይሄ የሚመጣው ሶኬታችሁ የመሬት ሽቦ ስለሌለው ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ረብሻ የሚያጣሩ ትንንሽ ነገሮች አሉ። ከኤሌክትሪኩ ላይ በጣም ትንሽ ወደ ብረቱ ያሳልፋሉ። መሬት ቢኖር ወደ መሬት ይሄድ ነበር። ሲያጣ እናንተን ይጠብቃል። ብዙውን ጊዜ አይገድልም፣ ግን ጤነኛ ነገር አይደለም። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ የስክሪን ገመድ ስትነቅሉ ስትሰኩ የስክሪኑን መሰኪያ ልታቃጥሉ ትችላላችሁ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ የመሬት ሽቦ አስገቡ። የኪራይ ቤት ከሆነ አከራያችሁን ለምኑ። ያም ካልሆነ ቢያንስ ገመድ ስትነካኩ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉት።

ሁለተኛው መብራት ሲመጣ ነው። ልብ በሉ፣ ሲሄድ አይደለም ያልኩት። ሲሄድ የምታጡት ያላስቀመጣችሁትን ጌም ነው። ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ ነው እቃ የሚቃጠለው። ሲመለስ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። መድኃኒቱ ነጻ ነው። ሲሄድ ንቀሉ። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቁና ሰኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ቀይ መብራት ያለው ርካሽ ዲቫይደር «ከመብራት መዋዠቅ ይጠብቃል» ብለው ይሸጡላችኋል። ፈትታችሁ ብታዩት አብዛኛው ውስጡ ሽቦና መብራት ብቻ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥሩ እንዳያታልላችሁ። 650 ቪኤ የሚለው በዋት ሲቆጠር ብዙውን ጊዜ ከ400 በታች ነው። ሥራውም ጌሙን አስቀምጣችሁ እንድታጠፉ ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው። ማታ ሙሉ ሊያጫውታችሁ አይደለም።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ብር የሚቆርጠው ከዚህ ላይ ነው። ውጤቱ ጌም ላይ አይታይማ። የኪስ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሠዋው እሱ ነው።

ይሄ ሁለተኛው እቃ አልተቃጠለም። እንዲያውም አዲስ ነው። ጎኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። ማን ያነብልኛል? ና አንተ፣ ባለ ኮፍያው። ትልቁን ተወው፣ ከሥር በደቃቁ ያለውን ሰንጠረዥ አንብብ። +12 ቮልት በሚለው ሥር ምን ይላል? 18 አምፔር። ጎበዝ። 18 በ12 አባዛ። 216። አያችሁ? ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የሚበሉት ከዚህ ከ12 ቮልቱ ነው። ስለዚህ ይሄ እቃ ለጌም ስናስበው 216 ዋት ነው። ቀሪው ዋት 3.3 እና 5 ቮልት ላይ የተደመረ ነው፣ እናንተን ብዙም አይጠቅማችሁም። ደህና 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከሆነ 12 ቮልቱ ላይ ወደ 38፣ 40 አምፔር መጻፍ አለበት።

ስልካችሁን አውጡና ይሄን ጻፉ። አምፔሩን በ12 አባዙ። ሻጩ ቆሞ እያየ አባዙ። ሒሳብ እንደምትችሉ ሲያይ ወሬው ይቀየራል።

ሌላው ምልክት ክብደቱ ነው። ደህናው ከበድ ይላል። ይሄኛው እንደ ባዶ የዳቦ ካርቶን ነው። ክብደት ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፣ ቀላል ሆኖ ጥሩ የሆነ ግን ብዙ አላየሁም።

ከፓወር ሰፕላዩ ቀጥሎ ሳጥኑ። እኛ አገር ይሄን ትልቁን ሳጥን በሙሉ «ሲፒዩ» ነው የምንለው። ሻጩም፣ አባቴም፣ እኔም እንዲሁ ነው የምንለው። በእንግሊዝኛው ግን ሲፒዩ የፕሮሰሰሩ ስም ነው። ፕሮሰሰር ስትፈልጉ ሱቅ ገብታችሁ «ሲፒዩ አለ?» ካላችሁ ዴስክቶፕ ያወጡላችኋል። ይሄን በሕይወቴ አይቼዋለሁ፣ ሁለቱም ሰዎች ልክ ነበሩ።

አነስ ያለ ብር ላለው ሰው የእኔ ምክር ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ይጠቀሙባቸውና በየጥቂት ዓመቱ ይለውጧቸዋል። ዙረው ዙረው ወደ እኛ ይመጣሉ። ፕሮሰሰር፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ማዘርቦርድ፣ ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን የሚይዝበት ራም፣ ኬዝ ማለትም ባዶው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላይም በአንድ ዋጋ ታገኛላችሁ። አዲስ ማዘርቦርድ ብቻውን ስንት እንደሆነ የጠየቀ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ግን እነዚህ ሳጥኖች የራሳቸው አመል አላቸው። አንደኛ፣ ሁለት ዓይነት ቁመና አላቸው። ቀጫጭኖቹ እና ወፍራሞቹ ማማዎች። በቀጭኑ ውስጥ የሚገባው ቁመቱ በግማሽ ያጠረ ካርድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ጥቂት ነው፣ ውድ ነው። ማማውን ግዙ። ትንሽ ቢጨምርባችሁም ማማውን ግዙ። ሁለተኛ፣ ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ልቀይር ብትሉ አይገጥምም። የተለመደው የማዘርቦርድ መሰኪያ 24 እግር አለው። እነዚህ ኩባንያዎች በብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ የራሳቸውን፣ እግሩ ያነሰ መሰኪያ ነው የሚጠቀሙት። ማገናኛ ገመድ አለ፣ ግን ፈልጋችሁ ማስመጣት ነው። ስለዚህ ከነፓወር ሰፕላዩ እንዳለ ትቀበሉታላችሁ። ብዙውን ጊዜ ከ240 እስከ 300 ዋት ነው።

ካርዱን የሚመርጥላችሁ እንግዲህ ይሄ ነው። እናንተ አይደላችሁም የምትመርጡት፣ ሳጥኑ ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ ካርዱ የሚሰካበት ረጅሙ ክፍተት በራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋል። የቢሮ ዴስክቶፕ ያ ገመድ ብዙውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ገመድ የማይፈልጉትን ነው የምንፈልገው። የታወቁት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና ጂቲኤክስ 1650 ናቸው። የመጀመሪያው በ2016፣ ሁለተኛው በ2019 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። የሁለቱም የራሳቸው ሚሞሪ 4 ጊጋ ነው። ብዙዎቹ ገመድ አይፈልጉም፣ አንዳንዱ አምራች ግን ባለ 6 እግር መሰኪያ ስለሚጨምርበት ካርዱን አገላብጣችሁ እዩ። አዲስ ከሆነ ደግሞ በ2024 የወጣው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው አለ፤ 70 ዋት ነው። ልብ አድርጉ፣ ባለ 8 ጊጋ 3050 የሚባል ሌላ ካርድ አለ። ስሙ አንድ ነው፣ እሱ ግን ገመድ ይፈልጋል። ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።

ቫሎራንት፣ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ጂቲኤ 5፣ ፎርትናይት፣ የኳሱም ጌም፣ ጂቲኤክስ 1650 ላይ በ1080 የስክሪን ጥራት ደህና ይሠራሉ። በቅርቡ የወጡት ከባዶቹ ጌሞች ግን 4 ጊጋው ይጠባቸዋል። የሥዕሉን ጥራት ወደ ታች አውርዳችሁ ነው የምትጫወቱት። ይሄን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ በኋላ «ጋሼ ዋሸን» እንዳትሉ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዱ አርኤክስ 6400 የሚባለው ካርድ ነው። 53 ዋት ብቻ ይበላል፣ ገመድ አይፈልግም፣ ወረቀት ላይ ስታዩት ለቢሮ ዴስክቶፕ የተፈጠረ ይመስላል። ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ጠባብ ነው። ሌላው ካርድ በ16 ወይም በ8 መስመር ሲሄድ እሱ በ4 ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ መስመሩ ፈጣን ስለሆነ ያካክሰዋል። አሮጌው የቢሮ ዴስክቶፕ ላይ ግን መስመሩ ግማሽ ፍጥነት ነው። ሚሞሪው ሲሞላ ጌሙ ይንተባተባል። የሚያሳዝነው በጣም የሚፈልገው ሳጥን ላይ ነው የሚደክመው።

ሁለተኛው አርኤክስ 580 ነው። እሱ ለቢሮ ዴስክቶፕ አይሆንም፣ 185 ዋት ነው። ግን ደህና ፓወር ሰፕላይ ላለው ሰው ባለ 8 ጊጋው ዛሬም ለዋጋው አይከፋም። ችግሩ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። ከቻይና በብዛት የሚመጣው 2048ኤስፒ የሚባለው ነው። ዋናው 2304 የማስሊያ ክፍል አለው፣ ይሄኛው ስሙ እንደሚለው 2048። ማለትም በ580 ስም የሚሸጥ 570 ነው። የካርዱ ካርቶን ላይ ላይጻፍ ይችላል። ጂፒዩ-ዚ የምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለች። ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ ክፈቷት፣ ቁጥሩን እሷ ትነግራችኋለች።

ብሩ ትንሽ ላቅ ያለ ሰው በአዲስ እቃ ልገጣጥም ካለ አርኤክስ 6600 ላይ ይቁም። 2021 ላይ የወጣ ነው፣ 8 ጊጋ፣ 132 ዋት። በ1080 ለሚጫወት ሰው ከዚያ በላይ መክፈል ለእኔ ቅንጦት ነው። በዚህ ዓይነት ግጣጥም ላይ ከ10 ብራችሁ 4ቱን ለካርዱ፣ 3ቱን ለፕሮሰሰርና ለማዘርቦርድ፣ 1ዱን ለፓወር ሰፕላዩ ስጡ። በቀረው ራም፣ ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲና ኬዝ ይገዛል። ለኬዙ መብራት ብላችሁ ከፓወር ሰፕላዩ ላይ እንዳትቀንሱ። ሲጫወቱ ማን ነው ኬዝ የሚያየው?

ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ በሽታ አለ። «ኮር አይ ሰቨን ነው» ካሉት ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። ጀነሬሽኑስ፣ ስንተኛ ትውልድ ነው? ኮር አይ7-2600 የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ኮር አይ3-12100 የወጣው 2022 ነው። ሁለቱም 4 ኮር፣ ማለትም አራት ሠራተኛ፣ 8 ስሬድ፣ ማለትም በአንዴ ስምንት የሥራ መስመር አላቸው። ግን የአይ3ው እያንዳንዱ ኮር እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። አይ3 ነው አይ7ን የሚያስከነዳው። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 2600 ካለ 2ኛ፣ 8500 ካለ 8ኛ፣ 12100 ካለ 12ኛ ጀነሬሽን ነው።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ስትገዙ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ባትወርዱ እመርጣለሁ። ሁለት ምክንያት አለኝ። እስከ 7ኛው ድረስ ኮር አይ5 ዴስክቶፕ 4 ኮር ብቻ ነበር፣ ከ8ኛው ጀምሮ 6 ሆነ። ሌላው ዊንዶውስ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው ከ8ኛ ጀምሮ ነው። በጓሮ በር የሚያስገቡት አሉ፣ አውቃለሁ፣ እኔም አስገብቻለሁ። ግን ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ የደኅንነት ቺፑና ሴኪዩር ቡት የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጠብቀው፣ ካልበሩ አልከፈትም ይላል። ያኔ ለእኔ እንዳትደውሉ።

በአዲስ ለሚገጣጥም ራይዘን 5 5600 ወይም ኮር አይ3-12100ኤፍ በቂ ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ኤፍ» የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ናት። ካርድ ካልሰካችሁ ስክሪኑ ጥቁር ነው። አንድ ደንበኛዬ «ተበላሽቶ ሸጡልኝ» ብሎ ሁለት ታክሲ ይዞ መጣ። ካርዱን በሚቀጥለው ወር ሊገዛ ነበር ያሰበው። ካርዱን በኋላ የምትገዙ ከሆነ ራይዘን 5 5600ጂ ይሻላችኋል። የራሱ ግራፊክስ ቀላል ጌሞችን ያጫውታል፣ እስከዚያ ትቆያላችሁ።

ራም ላይ አልቆይም። 16 ጊጋ ይሁን። አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 አድርጉት፣ ሁለቱ እኩል ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ በሁለት በር ይቀዳል። በተለይ 5600ጂ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፣ ምክንያቱም ግራፊክሱም ከዚያው ራም ነው የሚቀዳው። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ደረጃ ሽቅብ ወጥቷል። የኤአይ ማዕከላት ቺፑን እየጠቀለሉት ነው። ስለዚህ የቢሮ ዴስክቶፕ ስትገዙ ውስጡ ስንት ራም እንዳለ ጠይቁ። ዘንድሮ እሱ ራሱ የዋጋው ግማሽ ጉዳይ ነው።

ማስቀመጫው ላይ ደግሞ ኑሯችን ራሱ መልስ ሰጥቶናል። ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ100 ጊጋ ያላነሰ ቦታ ይፈልጋል። ይሄን በሞባይል ዳታ የሚያወርድ ካለ እጁን ያውጣ። የለም። ከጓደኛ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው የምንገለብጠው። ስለዚህ ዊንዶውሱንና አሁን የምትጫወቱትን ጌም የሚይዝ ኤስኤስዲ ግዙ፣ ቀሪውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ አጠራቅሙ። ሳታ በሚባለው መሰኪያ የሚሠራው ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፣ ሃርድ ዲስክ 150 አካባቢ ነው። በርካሽ «2 ቴራ» የሚሉትን ፍላሽና ኤስኤስዲ ግን እለፉት። ብዙው ውስጡ ሌላ ነው።

ስክሪኑን ረስቼው ነበር። ቤታችሁ ያለው ስክሪን ሰማያዊ መሰኪያ ያለው፣ ቪጂኤ የሚባለው ከሆነ፣ ካሁኖቹ ካርዶች ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ማገናኛ ትገዛላችሁ። ቤት ያለው ቲቪም ይሆናል። ገመዱን ስትሰኩ ደግሞ ካርዱ ላይ ሰኩት። ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ካርዱ አይሠራም» ያለኝ ሰው ብዛት... ተውት፣ እዚህም ሁለቱን አያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ቪዲዮዎቹ ላይ አታገኙትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የኮምፒውተር ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ሲዞር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ከተማችን ቀዝቃዛ ስለሆነች አይታወቀንም እንጂ፣ በበጋ ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ትሰሙታላችሁ፤ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። በዚያ ላይ አቧራው አለ። ኬዙን መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ በርጩማ ላይም ቢሆን ከፍ አድርጉት። በሦስት ወር አንዴ ከፍታችሁ በቀለም ብሩሽ ጥረጉት። ስትጠርጉ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት።

ግዢውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቴሌግራም ላይ ያያችሁትን እቃ ካፌ ውስጥ አትቀበሉ። መብራትና ስክሪን ያለበት ቦታ ይሁን። የራሳችሁን ጌም በኤክስተርናል ይዛችሁ ሂዱ፣ ሃያ ደቂቃ አስኪዱት። ሻጩ ቡና ይጠጣ፣ እናንተ እያያችሁ ጠብቁ። ማይኒንግ፣ ማለትም የክሪፕቶ ገንዘብ ማውጣት፣ ላይ የከረመ ካርድ ለአምስት ደቂቃ ጤነኛ ነው። ጉዱ የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ፣ መስመር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ካያችሁ አመስግናችሁ ውጡ። «እሱ እኮ የድራይቨር፣ የሶፍትዌሩ ነው» ይሏችኋል። ይሁን፣ ውጡ።

ጥያቄ ካለ። እሺ እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ።

አንዲት እናት «ልጄ ይሄን ከገዛሁለት ይማርበታል ወይስ ይጫወትበታል?» አሉኝ።

እማማ፣ ይጫወትበታል። ልዋሽዎት አልችልም። እኔም የምጫወትበት ነበር ያቃጠልኩት። ግን ያን ቀን ፓወር ሰፕላዩ ለምን እንደፈነዳ ለማወቅ ፈታሁት። አልገባኝም። ጎረቤታችን የሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፣ ወስጄ አሳየኋቸው። ሁለት የተነፉ ነገሮች አሳዩኝ፣ ጣሳ የሚመስሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሱቃቸው ተቀመጥኩ፣ ከዚያ በኋላ ከዚህ ሥራ አልወጣሁም። የእርስዎ ልጅ እንደዚያ ይሆናል አልልዎትም። ሌላ ልጅ ዝም ብሎ ሌላ ያስገዛ ነበር።

ሌላ? «ላፕቶፕስ?» አለ ከኋላ። ላፕቶፕ መብራት ሲሄድም ይሠራል፣ እሱ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። በተመሳሳይ ብር የምታገኘው የጌም አቅም ግን ያነሰ ነው፣ ካርዱ ቢደክም ደግሞ አትቀይረውም። ዩኒቨርሲቲ ክፍለ ሀገር የምትሄድ ከሆነ ላፕቶፕ ግዛ። ቤት የምትሆን ከሆነ ይሄን።

በቃ፣ ጨርቁን እናንሳው። ይኸው፣ የቢሮ ዴስክቶፕ፣ ማማው፣ 8ኛ ጀነሬሽን። ካርዱ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ባለ ኮፍያው፣ አንተ ና፣ ሒሳቡን የሠራኸው። ጠመንጃ መፍቻውን ያዝ። መጀመሪያ ጀርባውን አሳየኝ። ቀይ ነገር አለች? የለችም። ጥሩ። አሁን የኬዙን ብረት በእጅህ ንካ፣ ሰውነትህ ላይ ያለው ቻርጅ ይውረድ። እናንተ ጠጋ በሉ፣ ግን አትገፋፉ። ቶሎ እንገጣጥመው፣ ሰዓቱ የእኛ ሰፈር መብራት የሚሄድበት ነው።